ሰባት ቤት የሚቆጥሩልን ሳያልፉ

ለባሕር ዳር ከተማና ለጣና ዳር ነዋሪዎች፣
ለባህልና ቱሪዝም እንዲሁም ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ኃላፊዎች፣
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣
ለገዳማትና አድባራት አባቶች፣
ለእድርና ለማኅበር ሰብሳቢዎች፤

እንደምን ሰነበታችሁ።

አምና በክረምት እምዬን ቀበርናት። እምዬ የምለው አያቴን ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዝናቡ እያካፋ ነበር። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እኛ ዞር አሉና "ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። አጎቴ እናቴን አያት። እናቴ ታናሽ እኅቷን አየቻት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የነፍስ አባቷ ቀድመዋት ዐርፈዋል። ከልጆቿም ከልጅ ልጆቿም የሚያውቅ አልነበረም። ከኋላ በኩል፣ ከእምዬ ጋር ለአርባ ዓመት የማርያምን ማኅበር የጠጡ አንዲት እማሆይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ወለተ ሐና ናት" አሉ። ፍትሐቱ ቀጠለ።

እማሆይ ያን ቀን ባይመጡስ ኖሮ?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው።

እምዬ ሦስት ስም ነበራት። አንዱን አባቷ አወጡላት። አንዱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የተሰጣት ነው። ሦስተኛውን ስትዳር አማቷ አወጡላት። እኛ የምናውቀው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነበር። መታወቂያዋም ላይ ያለው እሱ ነው። ድሮ ሙሽራ አዲስ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ያወጡላት ስለነበር፣ ብዙ አያቶቻችን እንዲህ ናቸው። በልጅነት ስሟ የሚያውቃት የትውልድ መንደሯ ሰውና በትዳር ስሟ የምናውቃት እኛ ስለ አንድ ሰው እያወራን መሆናችን ሳይገባን ልንተላለፍ እንችላለን።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ወደ ታናሽ ወንድሟ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀብር አልደረሱም። አቸፈር ነው የሚኖሩት። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ ስልኬንም ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ "አባባ፣ ዘራችንን ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ጀመሩ። እንደ ዳዊት ደገሙት። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ እያሉ አሥራ አንድ ትውልድ ላይ ደረሱ። እጄ መከተል አቅቶት ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። በሁለተኛው ጊዜ አንድም ስም ቦታ አልለወጠም።

"የት ተማሩት?" አልኳቸው። "ሙግት ላይ ነዋ" አሉኝ።

ልጅ ሳሉ አባታቸው የርስት ሙግት ነበራቸው። ስንቅ ተሸክመው አብረው ይሄዳሉ። አባታቸው ቆመው ሲከራከሩ ከኋላ ሆነው ይሰማሉ። ማታ ማታ እሳት ዳር አባታቸው ያስቆጥሯቸዋል፤ ስም ከዘለሉ ይቆጧቸዋል። ለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው። በጎጃምም በበጌምድርም የገበሬው መሬት ርስት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። መሬቱ በልጆቹ ቁጥር ይከፈላል። የየልጁ ድርሻ ደግሞ በተራው ለልጅ ልጆቹ ይከፈላል። ከዚያ ዘር መውጣቱን ያስረዳ ሰው ድርሻዬን ብሎ መጠየቅ ይችላል። በአባቱም ሆነ በእናቱ መቁጠር ይችላል። ወንድና ሴት በዚህ እኩል ነበሩ። አንድ ገበሬ በአባቱ በኩል እዚህ፣ በእናቱ በኩል እዚያ፣ በሚስቱ በኩል ደግሞ ሌላ ቦታ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። መቁጠር የማይችል ሰው ግን እጁ ባዶ ነው። በዚህ የተነሳ ፊደል ያልቆጠሩ አባቶች ትውልድ ይቆጥሩ ነበር።

አባባ ከቆጠሯቸው አሥራ አንድ ትውልዶች መካከል ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ከልጅነት ጀምሮ "ዘር የሚቆጠረው በአባት ብቻ ነው" ሲባል ለሰማሁ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ቀጠልኩና "የእርስዎና የእምዬ እናትስ የማን ልጅ ነበሩ?" አልኳቸው። የእናታቸውን አባት ስም ነገሩኝ። ከዚያ በላይ አልሄዱም። የእናታቸውን እናት ስም ግን ጭራሽ አያውቁትም። ሁለት መቶ ዓመት ያለፋትን ሴት በስሟ እየጠሩ፣ የገዛ አያታቸውን ስም አያውቁም። ምክንያቱን ራሳቸው ነገሩኝ፤ "በእሷ በኩል ያነሳነው መሬት የለማ" አሉኝ።

መሬት ያለፈባት ሴት ስሟ ተረፈ። መሬት ያላለፈባት ጠፋች። ደብተሬ ላይ የዚያችን ሴት ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። እስካሁንም ክፍት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ስለ አዋጁ ደግነትና ክፋት ለመከራከር አልተነሳሁም። መሬት ላልነበረው ጭሰኛ ምን እንደነበር አውቃለሁ። እኔ የማነሳው አንድ ብዙ ያልተነገረለትን ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባት ልጁን እሳት ዳር አስቀምጦ ትውልድ የሚያስቆጥርበት ምክንያት አበቃ። መሬት በቀበሌ ገበሬ ማኅበር ሆነ። ቆየት ብሎም በይዞታ ደብተር ሆነ። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል፤ ይህ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። አቅኚ አባትን ግን አይጠይቅም። በ1966 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ሙግት ቆሞ የሚያውቅ፣ ስንቅ ተሸክሞ የሰማ፣ ከእሱ በኋላ የለም። እኛ እንግዲህ የመጨረሻዎቹን ሰዎች ነው እያየን ያለነው።

አንድ ገመድ ግን አልተበጠሰም። እሱም ጋብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሥጋ ዘመድ እስከ ሰባት ትውልድ እንዳይጋባ ትከለክላለች። ሽማግሌ ሲላክ አሁንም "እስኪ እንቁጠር" ይባላል። በገጠር ይህ ቀላል ነበር። በከተማ ግን ከብዷል። ባሕር ዳር የብዙ አገር ሰው ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት፣ ፖሊቴክኒኩ ሲከፈት፣ ኋላም መምህራን ኮሌጁ ሲከፈት ከደብረ ታቦርም፣ ከዳንግላም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም ሰው መጣ። እዚሁ ወለደ። ልጁ "አገርህ የት ነው?" ሲባል ቀበሌ 13 ይላል። ሰፈራችን ውስጥ ድንኳን ሊከራይ የተቀጠረለት ሰርግ በአምስት ቤት ዘመድነት ሲፈርስ አይቻለሁ። ልጅቷ ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ። ቀድሞ የተጻፈ ነገር ቢኖር ልባቸው ሳይንጠለጠል ያውቁት ነበር።

የተጻፈ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ተበትኖ ነው ያለው። የዚህን ያህል መበተኑን ያወቅሁት ፍለጋ ስጀምር ነው።

እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለንም። የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንድ መታወቂያ በእጁ የያዘ ሰው ሦስት ትውልድ ይዟል፤ ይህ ጥሩ ነው። አራተኛው ላይ ግን ገመዱ ይቋረጣል። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ደግሞ ለአገራችን አዲስ ነገር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ጽፎ ነበር፤ ግን ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ዘመናት አለፉ። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ስለዚህ አያቱን በመዝገብ የሚፈልግ ሰው መዝገብ አያገኝም። ጎጃም ደግሞ በንጉሡ ዘመን መሬቱን አላስለካም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም "ርስታችን ሊነካ ነው" ብሎ ተነሣ። አባቶቻችን መሬታቸውን ከወረቀት ጠበቁት። እኔ ዛሬ ያን ወረቀት ስፈልግ የማጣው በእነሱ ጥበቃ ምክንያት ነው። ብቀየማቸው ግን ትክክል አይሆንም።

ወረቀት የት አለ? በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ የግብር ደረሰኝ አለ። የርስት ሙግት የፍርድ ግልባጭ አለ፤ ይህ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ከሳሹ ትውልዱን አንድ በአንድ ቆጥሮ አስጽፎበታል። የእድር መዝገብ አለ። የእድር መዝገብን ማንም እንደ ታሪክ አያየውም። ማን መቼ እንደሞተ፣ ለማን እናት፣ ለማን አማት ድንኳን እንደተተከለ ግን የጻፈው እሱ ነው። እኔ የእምዬን እኅት የሞተችበትን ዓመት ያገኘሁት ከአንድ የሰፈር እድር ያረጀ ደብተር ነው። በአንጻሩ አንድ መሥሪያ ቤት የቆየ የግብር መዝገብ እንዳለ ሰምቼ ሄጄ ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው መጋዘን አስገብተውታል። ጣሪያው ያፈስሳል። የላይኛው ከረጢት ስንከፍተው ወረቀቱ እንደ ሊጥ ሆኗል። ጠባቂው አብሮኝ አዘነ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። በየቦታው የሚደረገውን ነው ያደረገው።

ከሁሉ በላይ ጣና አለ። የጣና ገዳማት የአገር መዝገብ ቤት ናቸው። ድሮ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ ይጻፍ ነበር። የንብረት ዝርዝር ይጻፋል። የምስክሮች ስም ይጻፋል። በዳዊት ደብተር መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ስመ ክርስትናውን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ጽፎ "ጸልዩልን" ይላል። እኛ ሥዕሉን ለማየት ነው የምንሻገረው። እነዚያን የጠርዝ ጽሑፎች የሚያነብ ጥቂት ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባሉ የውጭ አገር ሊቅ የክብራንን፣ የሬማንና የዳጋ እስጢፋኖስን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥተዋል፤ ዝርዝራቸውም በጀርመን ታትሟል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ በአገራችን ተጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ቅጂው አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኒሶታም አለ። እስቲ አስቡት። ከባሕር ዳር ወደብ በዓይናችን የምናየው የክብራን ገብርኤል መጽሐፍ ቅጂ ጀርመን አለ። እኛ ከተማ ግን አንድ የባሕር ዳር ልጅ ሄዶ የሚያገላብጠው ቅጂ አላገኘሁም።

ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባባቸውም። ሥርዓቱን አከብራለሁ። ወንድሜ ወደ ክብራን ሲገባ እኔ አጠገቡ ባለው እንጦስ ኢየሱስ ሆኜ ጠበቅሁት። ነፋሱ ደስ ይላል። ደንገሉ ይንሾካሾካል። ወንድሜ ግዕዝ አያነብም፤ እኔ ትንሽ አነባለሁ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ "ብዙ ጽሑፍ አለ፣ ምን እንደሚል አላውቅም" አለኝ። በሥርዓቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅጂው ግን የብስ ላይ ቢኖር ሴቶችም አንብበነው ነበር። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል አጽማቸው ዳጋ እስጢፋኖስ ዐርፏል። የነገሥታቱ ትውልድ ተጽፏል። በእነሱ ዘመን ጣና ዳር ያረሰ፣ ዓሣ ያጠመደና የፈተለ ሰው ስም ካለም ያለው በዚያው መጻሕፍት ጠርዝ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ጥቂት ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ሾላ ሥር እንገናኛለን። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ነርስ አለች። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንድ መሪጌታ አሉ። ስም ገና አላወጣንም። እርስ በርስ "የዘር ቆጣሪዎቹ" እንባባላለን። ሥራችን አንድ ነው። አረጋውያንን እየሄድን እንጠይቃለን፣ ድምፃቸውን እንቀዳለን፣ በደብተር እንገለብጣለን፣ ሌላ ሰው ከቆጠረው ጋር እናስተያያለን።

ብዙ ተሳስተን ብዙ ተምረናል። ሌሎች ከዜሮ እንዳይጀምሩ ጥቂቱን ልናገር።

አረጋዊን "ዕድሜዎ ስንት ነው?" ብሎ መጀመር አያዋጣም። ግምት ይነግሩናል። "ምን ሲሆን ተወለዱ?" ማለት ይሻላል። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። የኅዳር በሽታ 1911 ነው። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ወጣ። የጎጃም የግብር ዐመፅ 1960 ነው። አንዲት እናት "የኅዳር በሽታ ሲገባ እናቴ ሁለት ልጅ ነበራት" አሉን። ያኔ ሴት ልጅ በልጅነቷ ነው የምትዳረው። ሁለት ልጅ ያላት እናት ሃያ ዓመት ገደማ ትሆናለች። እናትየው ወደ 1890 አካባቢ ተወለዱ ማለት ነው። ልክ ባይሆን እንኳ ከአምስት ዓመት አይርቅም። ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣ ወረቀት ካለ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን አስተውሉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በዚህ አንድ ዓመት ስሕተት ምክንያት ሁለት ወንድማማቾችን በአንድ ዓመት የወለድንበት ጊዜ አለ።

ለአንድ ሰው የልጅነት ስም፣ ስመ ክርስትና፣ የቁልምጫ ስም፣ ካለም የፈረስ ስም ለየብቻ ቦታ እንሰጣለን። ለሴት ደግሞ አማቷ ያወጡላትን እንጨምራለን። አንድን ሰው ሁለት ሰው አድርጎ መጻፍ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ነው። የጡት ልጅን እንደ ሥጋ ልጅ አንጽፍም፤ ግን አንተወውም፣ "የጡት ልጅ" ብለን እንጽፋለን። ቤተሰብ ነውና። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እስኪባል ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚያ በላይ ያለው ስያሜ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ቁጥርም አብረን እንጽፋለን። ሁለት ሽማግሌዎች ሲለያዩብን ሁለቱንም እንጽፋለን። አንደኛውን ውሸታም ማድረግ የእኛ ሥራ አይደለም።

ደግሞ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን የደረሱበት ዘመን ነው። የባለ እጅ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የፋቂ ልጅ እየተባለ ሰው ተንቋል። ታንኳ በደንገል የሚሠሩት የወይጦ ሰዎች ከማንም በፊት የሐይቁን ጠባይ ያውቃሉ፤ ግን ርስት ስላልነበራቸው ዘራቸውን ማንም አልጻፈላቸውም። አንዲት ሴት ሁለት ትውልድ ከነገሩን በኋላ "ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ" አሉ። ደብተሩን ዘጋን። ቡና ጠጥተን ወጣን። ሕጋችን ይህ ነው፦ ሰው ያልፈቀደውን አንጽፍም። በሕይወት ያለ ሰውን ስም ለማንም አናሳይም። ማንም መጥቶ "የእገሌ ዘር ምንድን ነው?" ብሎ ስለ ሌላ ሰው ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። በዚህ ዘመን ዘር መቁጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ቃሉ ራሱ ቆስሏል። እኔ ግን ስቆጥር ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ስምንተኛው ላይ አገው አገኘሁ። በሌላ በኩል ሜጫ አገኘሁ፤ የሜጫ ስም ደግሞ ከኦሮሞ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከፍ ብዬ በቆጠርሁ ቁጥር "ከእኛ ወገን አይደለም" የምለው ሰው እያነሰ ሄደ።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገውን ልናገር።

የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች ሆይ፣ ገንዘብ አንጠይቅም። ይህ ሥራ ሾላ ሥር ሊቀር አይገባም። በከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የሚቆለፍ መደርደሪያና ቅዳሜና እሑድ የምንቀመጥበት አንድ ጠረጴዛ ስጡን። በማኅበርነት ለመመዝገብም መንገዱን ምሩን፤ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለን ሰው ወረቀቱን አምኖ አያስቀምጥብንም። እውነቱን ነው፣ ነገ ማን እንደምንሆን አያውቅም።

የወሳኝ ኩነት ሰዎች፣ እናንተ ዛሬ የምትጽፉት ልደትና ሞት ከመቶ ዓመት በኋላ ብቸኛው ማስረጃ ይሆናል። የእናትን ስም በጥንቃቄ ጻፉ። ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀና ብዙኃኑ ኀ እየተቀላቀሉ አንድ ስም ሦስት ዓይነት ሲጻፍ አይተናል። ተመዝጋቢው ራሱ የሚጽፍበትን ፊደል ጠይቁት። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

የዩኒቨርሲቲው የታሪክና የፎክሎር መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ገጠር ሲወርዱ ከእኛ ጋር ይውረዱ። የሚቀዱት ድምፅ ተመርቀው ሲወጡ ከስልካቸው ጋር እየጠፋ ነው። ውጭ አገር ያለውን የጣና መጻሕፍት ዝርዝርና ቅጂ ደግሞ ለባሕር ዳር አንባቢ ማምጣት ከእናንተ በቀር የሚችል የለም።

አባቶቻችን፣ መጻሕፍቱን አውጡልን አንልም። ከደሴት አይውጡ። መሪጌታችን ባዶ ገጾቹንና ጠርዞቹን ብቻ በናንተ ፊት፣ በናንተ ፈቃድ፣ ያለ ብልጭታ ፎቶ ያንሡ። ፎቶው አንዱ ለገዳሙ፣ አንዱ ለመደርደሪያው ይሁን። ስዕለት ያለበትን፣ ንስሐ ያለበትን ገጽ እናንተው ዝለሉት። ለእያንዳንዱ አጥቢያ አገልጋይም አንድ ልመና አለኝ። የክርስትና ስም ስትሰጡ በወረቀት ጽፋችሁ ለእናትየው ስጧት። የእምዬ ነገር በሌላ ሰው እንዳይደርስ።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ ያለቀ ደብተር አትጣሉ። አይጥም አታስበሉት። ለእኛ ስጡን፣ ገልብጠን እንመልሳለን።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን በስልክ ትደውላላችሁ። ስለ ጤናና ስለ ብር ታወራላችሁ። በሚቀጥለው ስትደውሉ እናታችሁን "የእናትሽ እናት ማን ትባላለች?" ብላችሁ ጠይቁልን። ደም ተመርምሮ ከየት አካባቢ እንደመጣን የሚነግር ነገር መምጣቱን ሰምተናል። ደሙ ስሟን አይነግራችሁም። እናታችሁ ግን ትነግራችኋለች።

ባሕር ዳር ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ኑ። መሬት የነበረውም ያልነበረውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ትናንት የመጣውም ኑ። ወረቀት ባይኖራችሁ ችግር የለም። አንድ ስም ይዛችሁ ኑ።

የፊታችን እሑድ ወደ ደብረ ማርያም እንሻገራለን። እዚያ ዘጠና ዓመት የሚጠጉ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው "እናቴ በእናት በኩል ነው የምትቆጥረው" ብሎ ደውሎልኛል። በእናት በኩል የሚቆጥር ሰው ስናገኝ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ጀልባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይነሣል። ሁለት ቦታ አለን።

አክባሪያችሁ፣
ከጣና ዳር፣ የወለተ ሐና የልጅ ልጅ
ባሕር ዳር